ከእኔ ጋር ያልታረቁት አባ ሙሜ

አባ ሙሜ መሞታቸውን የነገረኝ ከጭሮ በደሳ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሱቄ ፊት ለፊት አቆመና ሳይወርድ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ያ የምትጣላው ሽማግሌ ሞተ፤ ትናንት ቀበሩት» አለኝ። ወዲያው ስለ ነዳጅ ወረፋ ማውራት ጀመረ። እኔ እጄ ላይ የነበረውን ሱሪ ሰፍቼ ጨረስኩ።

አላለቀስኩም። ባለቅስላቸውም አባ ሙሜን ደስ የሚላቸው አይመስለኝም። ስድስት ዓመት በአንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ልብስ ሰፍተናል። ከስድስቱ አምስቱን የተጣላን ሰዎች ነበርን። ሆኖም ስለ እምነትህ አፍህን እንድትከፍት ያደረገህ ማነው ብባል፣ ሰባኪም ወላጅም አልጠራም። የምጠራው እኝህን እስከ መጨረሻው ያልታረቁኝን ሙስሊም ሽማግሌ ነው።

ስሜ ከድር ነው፤ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ ሙስሊሙ አያቴ ናቸው። አባቴ ግን እኔ ጡት ሳልጥል ወንጌል ተቀብሎ ጴንጤ ሆነ። ኋላም ወንጌላዊ ሆኖ በየገበያው መስበክ ጀመረ። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ የገበያ ቀን ሰው መሐል ቆሞ ሲናገር ድንጋይ ወረወሩበት። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ በያዘው መጽሐፍ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ ግን ንግግሩን አላቆመም። አገሩ እስከ ዛሬ የሚያወራው ይህን ጀግንነቱን ነው። እኔ ከዚያ ቀን የተማርኩት ዝም ማለትን ነበር። ካደግኩ በኋላም አምን ነበር፤ እጸልይ ነበር፤ ግን ከሰው እደብቀው ነበር።

ጭሮ የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ነው። ዘይነባ የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከሱቋ በረንዳ ላይ ለአንድ ልብስ ሰፊ የሚሆን ቦታ እንዳላት ሰምቼ ሄድኩ። ስሜን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ የእኛው ልጅ ነህ» አለችና የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበትን ጥግ አሳየችኝ። አልዋሸኋትም፤ ግን አላረምኳትም። ኋላ የመጣው መዘዝ ሁሉ የመጣው ከዚህች ዝምታ ነው።

ሌላኛው ጥግ የአባ ሙሜ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ሽርጥ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ሲሰፉ ሦስት አራት ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ነው፤ የሚናገሩትም በስፒሉ መሐል ነው። ደንበኛ ሲሳደቡ እንኳ አያወጡትም። ልብሱ ጠበበኝ ያላቸውን ሰው፣ «ልብሱ ያው ነው፤ አንተ ነህ የተለወጥከው» ብለው ይመልሱታል። በጣም ሲቆጡ ግን ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ደረታቸው ላይ ይሰካሉ። ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ያቀረቅራል። ዘይነባ ራሷ ወደ ውስጥ ትገባ ነበር።

ከውጭ ሲያዩት አምሮ ከውስጥ የላላ ስፌት ካገኙ፣ «ይሄ ይዋሻል» ይላሉ። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የሰፋሁትን ኮት አንስተው ገለበጡት፤ «ይዋሻል» አሉ፤ ደንበኛው እያየ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተረተሩት። ጠላኋቸው። ግን እንደገና ስሰፋው በትክክል ሰፋሁት።

በዚያ በመጀመሪያው ዓመት በራሳቸው መንገድ ያዝኑልኝ ነበር። አገሬ ሩቅ፣ ዘመድ የለኝም ብለው ለምሳ ወደ ቤታቸው ይዘውኝ ይሄዳሉ። ሚስታቸው አዴ ሐሊማ ከልጆቻቸው እኩል ያበሉኛል። እኔም «አሰላሙ አለይኩም» ሲባል «ወአለይኩም ሰላም» እላለሁ። አርብ አርብ ሁሉም ለጁምዓ ሲነሳ፣ እኔ ታች ያለው መስጊድ ይቀርበኛል ብዬ ተከራይቼ ወደምኖርበት ክፍል እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቃም ጨጓራዬን ያመኛል እላለሁ። እሑድ ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ብዬ፣ የከተማው ዳር ወዳለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን እገባለሁ፤ ከመግባቴ በፊት ግራና ቀኝ አያለሁ። አንዱን ውሸት ለመሸፈን ሌላ ስጨምር ዓመቱ አለቀ።

አንድ ቀን ጠዋት የአባ ሙሜን ጠቋሚ ጣት የመኪናው መርፌ ወጋው። በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰፉ ዋሉ። ቀትር ላይ ሁለት እህቶቻቸው ከመቻራ እንደመጡ መልእክት ደረሳቸውና ተያይዘን ወደ ቤት ሄድን። ጓሮ ዶሮ ታስሯል። ከወንዶች ልጆቻቸው አንዱም ከተማ ውስጥ አልነበረም። አባ ሙሜ ቢላዋውን አነሱና ጣታቸው አልጨበጥ ሲላቸው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ከድር፣ አንተ እረድልን» አሉ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አባ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ ማለት። የሥጋ ነገር በአገራችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ እስላሙ የክርስቲያን፣ ክርስቲያኑ የእስላም እጅ ያረደውን አይበላም። አዴ ሐሊማ ውኃ ይዘው ቆመዋል። እህትማማቾቹ ከበሩ ላይ ያያሉ። ቢላዋውን ተቀበልኩ። ዶሮውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞርኩት፣ «ቢስሚላህ» አልኩ፣ አረድኩ። ከዚያም ከእነሱ ጋር ቁጭ ብዬ በላሁ። አዴ ሐሊማ መላላጫውን አንስተው ለእኔ ሰጡኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጸሎቴ ሁሉ ስለዚያ ነገር ሆነ። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ እላለሁ፤ ቀለል ይለኛል፤ ጠዋት በረንዳው ላይ አባ ሙሜን ሳይ ይመለስብኛል። አራት ወር እንዲህ ኖርኩ።

ያጋለጠኝ የአንድ ሰው ደስታ ነው። ጫት የሚጭን አንድ ሹፌር፣ ሱሪው ተቀዶበት በረንዳው ላይ ቆመ። አየኝ፣ ደግሞ አየኝና ፊቱ በራ።

«አንተ የወንጌላዊ ነስሩ ልጅ አይደለህም? ቡታጅራ? አባትህ ናቸው እኮ ያጠመቁኝ። ጌታ ይባረክ ወንድሜ፣ እዚህ እያገለገልክ ነው?»

አቅፎ ሳመኝ። ከጀርባው አባ ሙሜ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ ሲሰኩ አየሁ። ሹፌሩ ሱሪው እስኪሰፋለት ስለ አባቴ ሲያወራ እሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲሄድ ነው የጠየቁኝ።

«ዱጋ? እውነት ነው?»

እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ።

«በዚያ ቀን ቢላዋውን ስትይዝ አምላክህ የት ነበር?»

መልሴንም አልጠበቁም። መኪናቸውን ሸፈኑና ሄዱ። ሦስት ቀን አልመጡም። ሰው ጠርተው ይመጡብኛል ብዬ ልብሴን በሻንጣ አድርጌ ጠበቅኩ። ያን ጊዜ ብሸሽ ይሻል ነበር፤ የምሸሽበት አገር ግን አልነበረኝም።

በአራተኛው ቀን መጡ። መኪናቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያም ወደ ግድግዳው እያዩ ተናገሩ።

«የዶሮውን ነገር ለሰው አልነግርም። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለቤቴ ክብር ነው። ድስቱን ሰበብ ፈልጌ ጥዬዋለሁ። ሐሊማ እስካሁን አታውቅም፣ አፍሬ አልነገርኳትም። ክርስቲያን መሆንህን ግን አንተ ትናገራለህ፤ በአፍህ። ሰላምታ የሰጠህን ሰው ሁሉ፣ ጨርቁን ከመቀበልህ በፊት ትነግረዋለህ።»

«አባ፣ ሥራ አጣለሁ» አልኳቸው።

«ሥራውን እጣ።»

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ለሦስት ልጆቿ ዩኒፎርም ልታሰፋ የመጣች የጫት ነጋዴ ነበረች። «አሰላሙ አለይኩም ከድር» አለችኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ሜትር አወረድኩ። ድምፄ ሳይወጣ፣ «እኔ ክርስቲያን ነኝ» አልኩ። አልሰማችኝም። አባ ሙሜ ዞር ሳይሉ፣ «ድገምላት» አሉ። ደገምኩላት። ሴትየዋ እኔንም እሳቸውንም ተራ በተራ አየች፤ ጨርቁን ወደ ፌስታሉ መልሳ ወደ እሳቸው ሄደች። ተቀበሏት። እዚያው ፊቴ የልጆቹን ልክ ጠይቀው በደረቅ ሳሙና ምልክት አደረጉ። ምናልባት ያዝኑልኝ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። አላዘኑም።

ወሩን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ግማሹ ደንበኛ ሄደ። አንዳንዱ ሰደበኝ። አንዱ ጎረምሳ እንዳሳጥርለት የሰጠኝን ጀለቢያ እንደያዝኩት መንጭቆ ወሰደ። ዘይነባ ግን አላባረረችኝም፤ «በስምህ ሳይሆን በእጅህ ነው ኪራይ የምትከፍለው፤ ግን አኩርፌሃለሁ» አለችኝ፤ እውነትም አኩርፋ ከረመች። ፍርሃት በመደጋገም ይለቃል ይባላል። የእኔ አለቀቀም፤ እኔ ነኝ ከእሱ ጋር መናገር የለመድኩት።

አንድ ከሰዓት፣ ቡና ሸጦ የሚመለስ የመቻራ ገበሬ ኮቱን ሊያስጠብብ መጣ። ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ነገርኩት። ኮቱን መልሶ አልወሰደም፤ ተቀመጠ።

«ዓመት ሙሉ ስትሰፋ አይቼሃለሁ። ለምን ደበቅክ?»

«ፈርቼ።»

«ማንን? እኛን?»

«አዎ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ማል ጎኔ? ምን አደረግንህ? ሸሚዜን ሰፍተህልኛል፣ ከፍዬሃለሁ። ከእኔ ጋር ሻይ ጠጥተሃል። ምን ሳደርግህ አይተህ ነው?»

ድንጋዩን የወረወሩት ሌሎች ሰዎች፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ጊዜ ነው። ይሄ ሰው ምንም አላደረገኝም።

አባ ሙሜ ከጀርባ፣ «ፍርሃትህ ስድብ ነው» አሉ። «አራዊት ናችሁ ብሎ እንደ መስደብ ነው። ቁጭ ብለህ ስትሰድበን ከረምክ።»

ገበሬው ግን በዚያ አልተወኝም። «እሺ፤ እንዲህ የደበቅከው ነገር ምንድነው? ምን ብለህ ነው የምታምነው?» አለኝ።

ስለ እምነቴ ሰው ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ሲሰብክ የሰማሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እጄ ላይ መቀስ ይዤ፣ እየተንተባተብኩ፣ ኢየሱስ ስለ ኃጢአቴ እንደሞተ፣ ሞትንም አሸንፎ እንደተነሣ፣ በእሱ በኩል እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝ፣ ይቅርታውንም በሥራዬ እንዳላገኘሁት ነገርኩት። በዚህ መሐል የአባ ሙሜ መኪና ድምፁ ጠፋ። መርገጫውን አቁመው ያዳምጣሉ። ገበሬው ራሱን ነቀነቀ፤ «የእኛ እንዲህ አይልም» አለ፤ ኮቱን መቼ እንደሚወስድ ጠይቆ ሄደ። የፈራሁት አንዱም አልደረሰብኝም። ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አባ ሙሜ ጀርባቸውን ከሰጡኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቅር ብሎኛል አልክ?»

«አዎ።»

«የዶሮውንም?»

«አዎ አባ። ጸልያለሁ።»

ስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡ። «እኔን ሳይጠይቅ? የበላነው እኛ ነን። ሐሊማ ናት የበላችው። አንተ ጓዳህ ገብተህ ከአምላክህ ጋር ጨርሰህ ወጣህ። እኛ ምንድነን? አንተ እንዲህ ሆነህ ነው እኔ ስለ አምላክህ የምሰማህ?»

ያን ቀን ሌላ ስፌት አልሰፋሁም። ከዚያች ቀን በፊት ይቅርታ ጠይቄያቸው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተጋልጫለሁ፣ ተቀጥቻለሁ፣ ጸልያለሁ፤ በደልኩዎት ብዬ ግን አላውቅም። «በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «አልልህም» አሉ። «መጀመሪያ ለእሷ ንገራት።»

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ደንበኛ ፊት መናገር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነበር። አዴ ሐሊማ ደጃፋቸው ላይ በርበሬ ያሰጣሉ። የበረንዳው ወሬ ገና አልደረሳቸውም፤ ሲያዩኝ፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጠፋህ» ብለው ተነሱ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ክርስቲያን እንደሆንኩ፣ ያን ቀን ዶሮውን ያረድኩት እያወቅኩ እንደሆነ፣ ፈርቼ እንደሆነ፣ ይቅርታ ልጠይቅ እንደመጣሁ።

«ቢስሚላህ ብለህ አልነበር?» አሉኝ።

«ብያለሁ።»

«በአፍህ?»

«በአፌ።»

እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ ብዬ ነው ያጎረስኩህ። አንተ ግን እኔን እንደ ሰው እንኳ አልቆጠርከኝም። ከእንግዲህ ይሄን ደጅ አትርገጥ።» ገቡና በሩን ዘጉት። በርበሬውን ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ትተውት ነው የገቡት።

በረንዳው ላይ ስመለስ አባ ሙሜ፣ «ነገርካት?» አሉኝ።

«ነገርኳቸው።»

«ምን አለች?»

«ሁለተኛ አትምጣ ብለው በሩን ዘጉብኝ።»

«ደግ አደረገች» አሉ። ክር ሲያጠነጥኑ ቆዩና፣ «አሁን የፈለግከውን ተናገር። አላምንህም። ግን እሰማለሁ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የክርክር ዓመታት ናቸው። እሳቸው አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ ሦስት አንድ የሚሆነው እንዴት ነው፤ ነቢይ እንዴት ይሰቀላል፤ አምላክ ይራባል ወይ። የምመልሰውን መልሼ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። «ተሳስተሃል» ይላሉ፤ ቁርአን ይጠቅሳሉ፤ እኔም የማምነውን እደግማለሁ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ አንዳንዱም በእሳቸው ወገን ሆኖ ይጮህብኛል። አንድ ቀን እኔ ነገሩን ለማለዘብ ብዬ፣ «ዞሮ ዞሮ ሁላችንም አንድ ነው የምንለው» ስል መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱት። «ይዋሻል» አሉ። «አንድ አንልም። እኔ አንድ አልልም፤ አንተም አትልም። ፈርተህ ነው ያለሳለስከው። ንገረኝ ካልክ በትክክል ንገረኝ።»

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ በአስቸጋሪ ቦታ እንዴት እንደምመሰክር እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ተነሥቼ፣ ያስተማሩኝ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፣ ከምናገረውም አንዱን እንኳ አይቀበሉም፣ እኔንም አይወዱኝም አልኩ። ማንም «አሜን» አላለኝም። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አልጋበዙኝም። ለአባ ሙሜ ስነግራቸው፣ «ስሜን እዚያ አታንሳ» አሉ፤ ስቀው ይሁን ተቆጥተው አልለየሁም።

አግብቼ ወደ በደሳ ስሄድ ልሰናበታቸው እጄን ዘረጋሁ። አልጨበጡኝም። ስፒሎቹን እንደያዙ፣ «እዚያ ስትደርስ በመጀመሪያው ቀን ንገራቸው። በሁለተኛው ቀን ይከብድሃል» አሉኝ። ያሉኝን አደረግኩ። በደሳ ሱቄን የከፈትኩ ዕለት፣ በስሜ ተሳስቶ ሰላም ላለኝ ለመጀመሪያው ሰው ነገርኩት። እሱም ተቆጣና ሄደ። ሁለተኛው ግን ቆመ፤ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አሁን ጓደኛዬ ነው።

የሞታቸውን ወሬ በሰማሁ ማግስት በመጀመሪያው ሚኒባስ ጭሮ ሄድኩ። ያ ደጅ እንደተከለከልኩ አልረሳሁትም። ደጃፉ ላይ ድንኳን ተጥሏል። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ስሜን ጠየቁኝ፤ «ከድር» አልኩ። «ና ከድር፣ ዱዓ እያደረግን ነው» ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሁሉም እጁን ዘርግቷል። በኀዘን ቤት ሰው አይረበሽም፣ ዝም ብለህ እጅህን ዘርጋ የሚል ድምፅ ውስጤ አለ።

«ይቅርታ አባ» አልኩ። «ስሜ ከድር ነው እንጂ ክርስቲያን ነኝ። ከአባ ሙሜ ጋር ስንሰፋ ነበር። ላዝን ነው የመጣሁት።»

ከወዲያ በኩል አንድ ጎልማሳ ቀና አለ። «ያ አጎቴን ያታለለው ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ዱዓቸውን ቀጠሉ። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ምግብ ሲቀርብ አዴ ሐሊማ ከውስጥ ወጡ፤ አርጅተዋል። አዩኝ፤ ሰላምም አላሉኝ፣ ሂድም አላሉኝ። «ለክርስቲያኖቹ የተዘጋጀው በዚያ በኩል ነው» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ድንኳኑን አቋርጬ ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚያ የተቀመጡት ሁለት አስተማሪዎችና አንድ የቢሮ ሠራተኛ ነበሩ። ሠራተኛው በዚያ በመጀመሪያው ዓመት እኔ ዘንድ ልብስ ያሰፋ ነበር።

«ከድር፣ ተሳስተህ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «የሙስሊሞቹ ወዲያ ነው።»

«አልተሳሳትኩም» አልኩትና ነገርኩት። ከዘይነባ በረንዳ ጀመርኩ፤ የዶሮው ነገር ላይ ስደርስ አዴ ሐሊማ የእጅ ውኃ ይዘው ከኋላዬ እንደቆሙ አየሁ። አቋረጥኩ።

«ከጀመርክ ጨርሰው» አሉ። «እኔ ደጅ ላይ ያልኩህንም ንገራቸው።»

ነገርኳቸው፤ ያሉኝን በሙሉ፣ ቃል ሳልቀንስ። እሳቸውም ውኃውን እንደያዙ እስክጨርስ ድረስ ቆመው ሰሙኝ።